ማማው ላይ ምን ተሰቀለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሞባይል ኔትወርክ ማሻሻያ በሚካሄድባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በማማዎች ላይ ስለሚያዩአቸው አዳዲስ ዕቃዎች ጽፈውልናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ታወር ላይ ሠራተኞች ለሦስት ቀን ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ። አሁን አዳዲስ ሳጥኖች ይታዩኛል፤ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው። የቱ አንቴና፣ የቱ ሬዲዮ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። 5ጂ ተተከለ ማለት ነው?

መልስ፦ ዓይንዎን መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ሥር ያውርዱት። የፊት ሽፋኑ በሁሉም ላይ ያው ነጭ ወይም ግራጫ ስለሆነ ብዙም አይናገርም፤ የዕቃውን ማንነት የሚያጋልጠው ከሥሩ የሚገባው ገመድ ነው።

ረጅሙ ሳጥን የተለመደው አንቴና ይመስለናል። አብዛኛው ማማ ዙሪያውን በሦስት ሴክተር የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሴክተር 120 ዲግሪ ይሸፍናል። በየሴክተሩ የተሰቀለው አንቴና ቁመቱ ከ1.3 ሜትር እስከ 2.7 ሜትር ይደርሳል። ቁመቱ ስለ ባንዱ፣ ማለትም ስለሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ፍንጭ ይሰጣል። የ700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የ3500 ሜጋኸርዝ ግን 8.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1000 ሜጋኸርዝ በታች የሚሠራ አንቴና ጨረሩን ሰብሰብ አድርጎ ለመላክ ረጅም መሆን ይኖርበታል፤ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አንቴና ሲያዩ ዝቅተኛ ባንድ በውስጡ አለ ብሎ መገመት ያስኬዳል።

ከዚህ አንቴና ሥር ክብ የብረት ኮኔክተሮች ተደርድረዋል። ይቁጠሯቸው። ኮኔክተሮች በጥንድ በጥንድ ነው የሚሄዱት፤ በአንቴናው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የጨረር አምድ በሁለት አቅጣጫ፣ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝና 45 ዲግሪ ወደ ግራ ባዘነበለ ሞገድ ስለሚሠራ ነው። የቀድሞው አንቴና 4 ኮኔክተር ኖሮት አዲሱ 10 ወይም 12 ካለው ተጨማሪ ባንዶች ገብተዋል፣ ወይም የነበረው ባንድ ከ2 ወደ 4 ማሰራጫ አድጓል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሆኖ 9 ከመጣ ስሕተት እንዳይመስልዎ፤ 8ቱ የሬዲዮ መስመሮች፣ 9ኛው የመለኪያ መስመር ነው። እንዲህ ያለው አንቴና ማሰራጨትና መቀበልን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በየተራ ለሚሠራ ኔትወርክ የተዘጋጀ ነው። ከኮኔክተሮቹ ጎን የሚወርደው ቀጭን ገመድ ደግሞ የአንቴናውን ዝንባሌ ከርቀት የሚቀይረው ሞተር መቆጣጠሪያ ነው።

አጭሩ ሳጥን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ከአንቴናው ጀርባ ወይም ከሥሩ የሚሰቀለው ሬዲዮ ነው፤ በሙያው ቋንቋ አርአርዩ ይባላል። ክብደቱ ከ12 እስከ 30 ኪሎ የሚደርስ፣ ሙቀት የሚያስወጡ የአሉሚኒየም ክንፎች የተደረደሩበት ሳጥን ነው። ከሥሩ ሦስት ዓይነት ገመድ ይወጣል፦ ቀጭን የፋይበር ገመድ፣ የ48 ቮልት ዲሲ ኤሌክትሪክ እና ወደ አንቴናው የሚሄዱ አጫጭር ወፋፍራም ጥቁር ገመዶች፣ ማለትም ጀምፐሮች። ጀምፐር ካለው ሬዲዮ ነው፤ አየር ላይ የሚያሰራጨው ግን ሌላው፣ አንቴናው ነው።

ሁለተኛው ሬዲዮና አንቴና በአንድ ላይ የተሠራበት ነው። ማሲቭ ማይሞ የሚባለው ይህ ነው። ቁመቱ ከ70 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ክንፍ ያለው ነው። በውስጡ 32 ወይም 64 ማሰራጫና መቀበያ አለ። ከሥሩ የሚገባው ፋይበርና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ አንድም ጀምፐር የለውም። ክንፍ ያለው፣ ፊቱ ወደ ሕዝብ የዞረና ጀምፐር የሌለው ሳጥን በሦስቱም ሴክተር ላይ ካዩ 2.6 ወይም 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ አዲስ ዕቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለ5ጂ ነው የሚተከለው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ በ2.6 ጊጋኸርዝ ላይ ይኸው ዕቃ ለ4ጂ ብቻ፣ ወይም ለሁለቱም በጋራ የሚውልበት ቦታ አለ።

ለዓይን የሚያስቸግር አንድ ዓይነት ደግሞ አለ፦ አንድ ረጅም አንቴና ሆኖ ከጀርባው ግማሽ አካሉ ላይ ክንፍ ያለው ሳጥን የተለጠፈበት። የቦታ ጥበት ባለበት ማማ ላይ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚሰቅሉት ነው። ከፊት አንድ ተራ አንቴና ይመስላል፤ ከጎን ሲያዩት ነው የሚታወቀው።

ከሬዲዮ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ክንፍ የሌላቸው ትንንሽ ሳጥኖች ካዩ ማጣሪያ፣ ማጣመሪያ ወይም የሲግናል ማጉያ ናቸው። ፋይበር የላቸውም፤ ወፍራም ገመድ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ከላይ እስከ ታች በሚወርዱት ገመዶች ላይ ይታያል። በቀድሞው አሠራር ሬዲዮው ሥር ባለው ካቢኔት ውስጥ ስለነበር ለየአንቴናው የሚወጡ ወፋፍራም ኬብሎች እንደ ገመድ መሰላል ጎን ለጎን ይደረደሩ ነበር። 7/8 ኢንች የሚባለው ኬብል በ2100 ሜጋኸርዝ ላይ በ100 ሜትር 6 ዲሲቤል ገደማ ያባክናል፤ በ50 ሜትር ማማ ላይ ግማሹ ኃይል አንቴናው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ሬዲዮውን ወደ ላይ ያወጡት ለዚህ ነው። ዛሬ 12 ወፍራም ኬብል ወርዶ በምትኩ ፋይበርና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ የያዙ አንድ ወይም ሁለት ኬብሎች ብቻ ወጥተው ካዩ፣ ጠቅላላ ሬዲዮው ተቀይሯል። ከሩቅ ሆኖ ይህን የመሰለ አስተማማኝ ምልክት አናውቅም።

ጥያቄ፦ ካቢኔቱ አናት ላይ እንደ እንጉዳይ ያለች ነጭ ነገር ተተክላለች። ካሜራ ናት?

መልስ፦ የጂፒኤስ መቀበያ ናት። ምንም አታሰራጭም፤ ከሳተላይት ሰዓት ብቻ ትቀበላለች። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በየተራ የሚያሰራጩና የሚቀበሉ ኔትወርኮች የጎረቤት ማማዎች ሰዓት እርስ በርስ ከ3 ማይክሮ ሰከንድ በላይ እንዳይለያይ ይጠይቃሉ፤ ካልሆነ አንዱ ሲያሰራጭ ሌላው ለማዳመጥ በከፈተው ጆሮ ላይ ይጮህበታል። ቀድሞ ያልነበረች እንጉዳይ ከታየች የ3.5 ወይም የ2.6 ጊጋኸርዝ ሥራ መቅረቡን የምትጠቁም ጥሩ ምልክት ናት። አለመኖሯ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ሰዓቱ በፋይበሩ በኩልም ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ በስልኬ ካሜራ ሳነሳው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚወጣው። በምን ላየው?

መልስ፦ ፎቶው የሚጠቁረው ካሜራው ለደማቁ ሰማይ ስለሚመጥን ነው። ስክሪኑ ላይ አንቴናውን ነክተው ብርሃኑን ከፍ ያድርጉት፤ ሰማዩ ይንጣ፣ ግድ የለም። ፀሐይ ከጀርባዎ የምትሆንበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ደመናማ ቀን ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ጥላ ስለማይኖር ከሥር ያሉት ኮኔክተሮች ይለያሉ። የስልክ ዲጂታል ዙም ምስሉን ይለጥጠዋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም። እውነተኛ የሌንስ ዙም ያለው ካሜራ፣ ወይም 8 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር ይበቃል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያጎላውን በእጅ ይዞ ማየት አይመቸም፤ ይንቀጠቀጣል፤ በግድግዳ ወይም በእንጨት ላይ ማስደገፍ ይፈልጋል።

አቋቋምዎን ይቀያይሩ። ማማው 40 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ያህል ርቀው ሲቆሙ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ ስለሚያዩ ሥሩና ገመዱ ይታያል፤ 100 ሜትር ሲርቁ ደግሞ ቅርጹና ቁመቱ ይታያል። ከሦስት አቅጣጫ ያንሱ፤ የአንዱ ሴክተር ጀርባ ከሌላው ወገን ነው የሚገኘው። ልኩን ለመገመት በዚያው ፎቶ ላይ ያለ የታወቀ ነገር ይጠቀሙ። ማማን ከማማ የሚያገናኙት ክብ የማይክሮዌቭ ሳህኖች አብዛኛውን ጊዜ 30፣ 60 ወይም 120 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ በአንድ ከፍታ ላይ ካሉ አንዱን እንደ ማስመሪያ መውሰድ ይቻላል።

ዋናው ነገር ግን የድሮ ፎቶ መኖሩ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ አንስቶ ያስቀመጠ ሰው በኋላ መገመት አያስፈልገውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያወዳድራል። ከሌለዎ የመንገድ ላይ ፎቶ የሚያሳዩ የካርታ አገልግሎቶችን ይፈልጉ፤ ምስሉ የተነሳበት ወርና ዓመት ጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አጥሩን አይለፉ፣ መሰላሉን አይንኩ፣ ጣሪያ ላይ ከተተከለ አንቴና ፊት አይቁሙ። ማማ ፎቶ ማንሳት የሚከለከልበት ቦታም ስላለ ጥበቃ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጀምፐር የሌለው አዲሱ ሳጥን ከተሰቀለ ሁለት ወር ሆነው፤ ስልኬ ግን ያው 4ጂ ነው። ጎረቤቴ ጋ 5ጂ ምልክቱ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን አልተለወጠም ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ምልክቱን አትመኑ። በመጀመሪያው የ5ጂ አሠራር ስልኩ ከ4ጂ ጋር ተያይዞ 5ጂን በተጨማሪነት ነው የሚጠቀመው። የ4ጂው ሴል (የአንድ ሴክተር የአንድ ባንድ አገልግሎት) «ከእኔ ጋር 5ጂ መጨመር ይቻላል» የሚል ማስታወቂያ ያሰራጫል፤ አንዳንድ ስልኮች ይህን እንዳነበቡ ብቻ ምልክቱን ያወጣሉ፣ 5ጂው እነሱ ያሉበት ድረስ ባይደርስም። በሌላ በኩል ዕቃው መሰቀሉ ሥራ መጀመሩን አያሳይም። ከተሰቀለ በኋላ የኤሌክትሪክ አቅም መጨመር (አንድ ማሲቭ ማይሞ ሥራ ሲበዛበት 1 ኪሎዋት ያህል ሊወስድ ይችላል፣ ሦስት ሲሆኑ የካቢኔቱ ማስተካከያና ባትሪ ላይበቃ ይችላል)፣ ወደ ማማው የሚመጣውን ፋይበር ወይም ማይክሮዌቭ ማስፋት፣ ሶፍትዌር መጫን፣ ከዚያም በመኪና እየዞሩ መለካት ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያዘገየው ከላይ ያለው ዕቃ አይደለም፤ ታች ያለው ኤሌክትሪክና ፋይበር ነው።

የሚታመነው ቁጥሩ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የኔትወርክ መረጃ የሚያነብ አፕ ይጫኑ፤ የቦታ ፈቃድ ይስጡትና ጂፒኤሱን ያብሩ፣ አለበለዚያ ቁጥሮቹ ባዶ ይሆናሉ። በአይፎን *3001#12345#* ብለው ቢደውሉ የመፈተሻ ገጹ ይከፈታል። የሚፈልጓቸው ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የሴሉ መለያ ነው። በ4ጂ ይህን ረጅም ቁጥር ለ256 ቢያካፍሉት ሙሉው የማማው መለያ፣ ቀሪው የሴሉ ተራ ነው። ለምሳሌ 25677067 ለ256 ሲካፈል 100301 ደርሶ 11 ይቀራል፤ ማማ 100301፣ ሴል 11። ማማውን እየዞሩ ይመዝግቡ። የማማው ቁጥር ሳይለወጥ ቀድሞ ያልነበረ የሴል ተራ ከመጣ አዲስ ባንድ ሥራ ጀምሯል።

ሁለተኛው የፍሪኩዌንሲ ቁጥር ነው። በ4ጂ ከ0 እስከ 599 ባንድ 1፣ ከ1200 እስከ 1949 ባንድ 3፣ ከ2750 እስከ 3449 ባንድ 7፣ ከ3450 እስከ 3799 ባንድ 8፣ ከ6150 እስከ 6449 ባንድ 20፣ ከ9210 እስከ 9659 ባንድ 28 ነው። በ5ጂ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ቁጥሩ ከ600000 በታች ከሆነ በ0.005 ያባዙት፣ ውጤቱ ሜጋኸርዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 600000 ቀንሰው በ0.015 ያባዙና 3000 ይደምሩ። 640000 ብሎ ካወጣ 3600 ሜጋኸርዝ ነው፣ ያ የአዲሱ ሳጥን ሥራ ነው። 156000 ካወጣ 780 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህ ከረጅሙ አንቴና የሚመጣ እንጂ ከአጭሩ ሳጥን ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በ4ጂ ስልኩ ከማማው በራቀ መጠን ቀደም ብሎ እንዲያሰራጭ የሚነገረው ቁጥር የሰዓት ማስተካከያ ይባላል፤ አንዱ እርምጃ 78 ሜትር ያህል ነው፤ 5 ካለ ከማማው 390 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ከፊትዎ ባለው ማማ 100 ሜትር ላይ ቆመው 20 ካሳየ የሚያገለግልዎ ሌላ ማማ ነው። ሁሉም ስልክ ይህን ቁጥር አያሳይም። እንዲሁም 5ጂ ከ4ጂ ጋር በተያያዘበት አሠራር አፑ የ5ጂውን ሴል መለያ ባዶ ቢተወው አይደናገጡ፤ የፍሪኩዌንሲ ቁጥሩ ከመጣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የእኛ ሰፈር ማማ ላይ ማንም አልወጣም፣ ምንም አልተቀየረም። 5ጂ ግን ጀመረ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ባለፉት ዓመታት የተሰቀሉ ብዙ ሬዲዮዎች 4ጂንና 5ጂን በአንድ ባንድ ላይ እያቀያየሩ የማሠራት አቅም አላቸው፤ የሚጨመረው ሶፍትዌር፣ ግፋ ቢል ካቢኔቱ ውስጥ ያለ አንድ ካርድ ነው። የፍሪኩዌንሲ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ከነበረው የ4ጂ ባንድ ጋር አንድ ሆኖ ያገኙታል። ባንዱ ያው ስለሆነ የፍጥነት ለውጡም ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ዕቃው ከተቀየረ ወዲህ ኔትወርካችን ባሰበት። ስልክ ይቋረጣል፣ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ መልእክት አይወጣም። ማሻሻያ ማለት ይህ ነው?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቅና የሚስተካከል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሆነ አሮጌው ወርዶ አዲሱ በከፊል ብቻ ስለሚሠራ ሊሆን ይችላል። ከሳምንት ካለፈ ከሚከተሉት አንዱን እንጠረጥራለን።

የአንቴናው ዝንባሌ። 40 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና 4 ዲግሪ ወደ ታች ካዘነበለ የጨረሩ መሐል መሬት የሚነካው 570 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 8 ዲግሪ ከሆነ 285 ሜትር ላይ። አዲሱ አንቴና ሲሰቀል ዝንባሌው ከበዛ ጠርዝ ላይ ያሉ ቤቶች ይደክማሉ። ማስተካከያው በሞተሩ በኩል ከቢሮ ሆኖ የሚሠራ ነው፣ ማማ መውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

የተሻገረ ገመድ። የአንዱ ሴክተር ፋይበር ወይም ጀምፐር ወደ ሌላው ሴክተር ሲገባ ኔትወርኩ የጎረቤቶቹን ዝርዝር ከተሳሳተ አቅጣጫ ይይዛል፤ ስልኩ ሲንቀሳቀስ ከሴል ወደ ሴል መሻገር አቅቶት ይቋረጣል። ማማውን በእግር ሲዞሩ ሦስቱ የሴል ተራዎች በቀድሞው ቅደም ተከተል ካልመጡ ይህን ይጠርጥሩ።

የላላ ኮኔክተር። አሮጌው ትልቁ 7/16 ዲን ኮኔክተር በ25 ኒውተን ሜትር ያህል፣ አዲሱ ትንሹ 4.3-10 ደግሞ በ5 ኒውተን ሜትር መጠበቅ አለበት። በግምት በእጅ ከጠበቀ፣ ወይም አጠገቡ ዝገት ካለ፣ የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች በዚያ ነጥብ ላይ ተደባልቀው አዲስ ጫጫታ ይፈጥራሉ፤ ጫጫታው የማማውን መቀበያ ያደነቁረዋል። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ የእርስዎ መልእክት የማይወጣበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ነው፦ እርስዎ ማማውን ይሰሙታል፣ እሱ እርስዎን አይሰማም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ደግሞ መከላከያ ጎማው በደንብ ባለመጠቅለሉ ውኃ ገብቷል።

የ3ጂ መዘጋት። ፍሪኩዌንሲውን ለ4ጂ ለማዋል 3ጂ ሲዘጋ በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ ለጥሪ ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ 2ጂ ከሌለ ጥሪው ይከሽፋል። ከአቤቱታ በፊት የስልክዎን መቼት ይዩ፤ በ4ጂ ጥሪ የማድረጊያው ምርጫ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

አቤቱታ ሲያቀርቡ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የሴሉን መለያ፣ የሲግናል ኃይሉንና ጥራቱን ይስጡ። የ4ጂ ኃይል በ80 አሉታ ዲቢኤም አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ከ110 አሉታ በታች ደካማ ነው። ጥራቱ ከ20 ዲሲቤል በላይ ሲሆን ጥሩ፣ ከ0 በታች ሲሆን መጥፎ ነው። ኃይሉ ጥሩ ሆኖ ጥራቱ ከ0 በታች ከወረደ ጣልቃ ገብነት ነው፤ ኃይሉ ራሱ ከወረደ ዝንባሌ ወይም ኬብል ነው። ሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት የተመዘገበ እንዲህ ያለ መረጃ የደረሰው መሐንዲስ ወደ የትኛው ሴክተር መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ ክብ ነጭ ሳህን በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት ዞሯል። ያሳስበኛል፤ ጨረሩ እኛን አይመታም?

መልስ፦ ሳህኑ ከስልክ ጋር አይነጋገርም፤ ከሌላ ማማ ጋር ነው የሚገናኘው። ኔትወርኩ ሲሻሻል የሚያልፈው መረጃ ስለሚበዛ ፋይበር ባልደረሰበት ማማ ላይ ከ71 እስከ 86 ጊጋኸርዝ ባለው ባንድ የሚሠራ፣ 30 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ሳህን ይጨመራል፤ በሴኮንድ እስከ 10 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ ርቀቱ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የጨረሩ ስፋት 1 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግድግዳ ቀርቶ ቅጠል ያለው ዛፍ ቢጋርደው መስመሩ ይቋረጣል። በመስኮትዎ አቅጣጫ የዞረ ቢመስልም መስመሩ የሚሠራ ከሆነ ጨረሩ ከጣሪያዎ በላይ እያለፈ ነው። ከኋላው ቆመው የሳህኑን አቅጣጫ በካርታ ላይ ቢከተሉት በዚያው መስመር ላይ አቻው የሆነ፣ ወደዚህ የዞረ ሳህን ያለበት ሌላ ማማ ያገኛሉ።